ነገሥታት የሰፈሩባት፣ ሕዝብ የከተመባት

የደብረ ታቦርን ታሪክ ከጉና መጀመር ይሻላል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ይህ ተራራ ለደቡብ ጎንደር የውኃ ማማ ነው። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። ከተማዋ ከጉና በስተምዕራብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ክረምቷ ጭጋግና ጭቃ ነው፤ በበጋም ቢሆን ማታ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ዙሪያዋን ያለው የፋርጣ ገበሬ ገብስና ባቄላ ያመርታል፤ ድንቹም በየገበያው የታወቀ ነው።

ከዚህ ከፍታ በስተምዕራብ ቁልቁል የወረደ ሰው ፎገራ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር፣ ሌላው ወደ ባሕር ዳር ነው። በስተምሥራቅ የሄደ ደግሞ በጉና ትከሻ አልፎ፣ ጋይንትን አቋርጦ፣ በጨጨሆ በኩል ዋድላ ደላንታ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የጁና ወሎ ነው። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ደብረ ታቦርን ያነሣትም የጣላትም ነገር ሁሉ በዚህ በደጋው መንገድ የመጣ ወይም የሄደ ነው ማለት ይቻላል።

መሥራቿ የየጁው ራስ ጉግሳ መርሳ ናቸው። ከ1795 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1817 ዓ.ም. በጌምድርን ገዙ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ጎንደር ላይ ዙፋን አለ፣ ንጉሠ ነገሥትም አለ፣ ሥልጣኑ ግን እንደራሴ በሆነው ራስ እጅ ነው። ይህ ራስ ሲፈልግ ያነግሣል፣ ሲያኮርፍ ያወርዳል። እንዲህ ያለ ሰው ለምን ጎንደር ላይ አልተቀመጠም? ጎንደር የካህናትና የነጋዴ፣ የሊቃውንትና የመኳንንት ከተማ ነበረች፤ ብዙ ሺህ ፈረስና ብዙ ሺህ ወታደር ይዞ ለሚኖር ሰው ሣርና ማገዶ፣ ገብስና ውኃ የሚገኝበት ደጋ ይበልጥበታል። ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት መንገዱ ይመስለኛል። የጉግሳ ወገን ያለው የጁ ነው፤ ጦር ቢያስፈልጋቸው የሚመጣላቸው፣ ቢሸነፉም የሚሸሹት ወደዚያው ነው። ከደብረ ታቦር የተቀመጠ ገዥ ጎንደርን በቀኝ ዓይኑ እያየ፣ የየጁን በር ከኋላው ክፍት አድርጎ ይኖራል።

ስሙም እንዲሁ የወጣ አይመስለኝም። ታቦር ጌታ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት የገሊላ ተራራ ነው፤ በዓሉም ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ ነው። የየጁ ገዦች የዘር ሐረጋቸው ከእስልምና ስለሚመዘዝ፣ ተቀናቃኞቻቸው ሃይማኖታቸውን እያነሡ ያሟቸው ነበር። እንግዲህ የገዛ ከተማቸውን በደብረ ታቦር ስም መጥራታቸው ለሚያማቸው ሁሉ መልስ ነበር ብዬ አምናለሁ። የደብረ ታቦር ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ከኮረብታው ላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ያያል።

ራስ ጉግሳ ሴት ልጆቻቸውን ለየአውራጃው መስፍን እየዳሩ አገሩን በጋብቻ አሰሩት። እሳቸው ሲሞቱ ልጆቻቸው ይማምና ማርዬ ተከታትለው ራስ ሆኑ። ራስ ማርዬ በየካቲት 1823 ዓ.ም. ትግራይ ዘምተው ደብረ ዓባይ ላይ ጦራቸው ደጃዝማች ሰባጋዲስን ድል ቢያደርግም እሳቸው ከጦር ሜዳው አልተመለሱም። ከእሳቸው በኋላ ራስ ዶሪ ለጥቂት ወራት ቆዩ። በዚያው ዓመት ተራው የደረሰው ገና አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ለነበሩት ለጉግሳ የልጅ ልጅ ለአሊ አሉላ ሆነ። በእርግጥ የገዙት እናታቸው መነን ሊበን ናቸው። ወይዘሮ መነን በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ከዮሐንስ 3ኛ ጋር ተጋብተው እቴጌ ተባሉ፤ አንዱ እጃቸው ደብረ ታቦር፣ ሌላው እጃቸው ጎንደር ላይ ነበር።

በ1834 ዓ.ም. ከተማዋ በታሪኳ እጅግ እንግዳ የሆነውን ጦርነት አየች። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ ከግብፅ ከመጡ ብዙም ያልቆዩትን አቡነ ሰላማን ይዘው፣ በጠመንጃ የተደራጀ ጦር አስከትለው ደብረ ታቦር ድረስ መጡ። ራስ አሊ ተሸንፈው ሸሹ፤ የየጁ ዘመን ያን ቀን ያከተመ መሰለ። የውቤ ጦር ግን ከድሉ በኋላ ወደ ምርኮውና ወደ መጠጡ ዞረ። ከጦርነቱ ሳይደርሱ የቀሩት የራስ አሊ ወገን ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በዚህ መሐል ከተፍ ብለው፣ በድል አድራጊነት ሲደሰቱ የነበሩትን ውቤን ከነድግሳቸው ማረኳቸው። አሸናፊው እስረኛ ሆነ፤ የተሸነፉት ራስ ደግሞ ከሸሹበት ተፈልገው ተመልሰው ሥልጣናቸው ላይ ተቀመጡ። አሊም ብዙ ሳይቆዩ ውቤን በካሣ ለቀቋቸው። በዚያ ዘመን ማሸነፍም መሸነፍም ሥር አልነበረውም፤ አገሩ የሰለቸውም ይህ ነው።

ራስ አሊ ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት በጥቅምት 1842 ዓ.ም. ነው። ውሉን ያመጣው ቆንስሉ ፕላውደን ጽፎት እንዳለፈው፣ ሰነዱ ሲነበብ ራስ አሊ በአጠገባቸው ስለቆመ ፈረስ ከሹማቸው ጋር ያወሩ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ውሉ ክፉ ነገር እንደሌለበት፣ ነገር ግን ጥቅሙ እንደማይታያቸው፣ አገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም የእንግሊዝ ነጋዴ ይመጣል ብለው እንደማያምኑ ተናገሩ። ብዙዎች ይህን ታሪክ የራስ አሊን ግድ የለሽነት ለማሳየት ያነሡታል። እኔ ግን ካነበብኩት ሁሉ የሳቸውን ብልህነት የሚያሳየው ይህ ይመስለኛል፤ አገሪቱ ያለችበትን ሁኔታ ከቆንስሉ ይልቅ ያውቁት ነበር።

የልጃቸው የተዋበች ባል፣ የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ ያን አገር ሊያዋህዱ ተነሡ። በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል ነሡ፤ የየጁ ገዥነትም በዚያው አከተመ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግዛታቸውን ሁሉ በዘመቻ የዞሩ ንጉሥ ናቸው፤ አንድ ቦታ ረግተው መቀመጥ አይሆንላቸውም። ቢሆንም ከዘመቻ ሲመለሱ ማረፊያቸው፣ ጦራቸው የሚሰበሰብበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት ደብረ ታቦር ሆነች። ከከተማይቱ ጋር ስማቸውን ለዘለዓለም ያሰረው ሥራ የተሠራው ግን እዚያው አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው።

ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡት ሚሲዮናውያን ወንጌል ለመስበክ የተላኩ፣ እግረ መንገዳቸውን የእጅ ሥራ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን የሚባሉት ከእነዚህ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ስብከታቸውን አልከለከሉም፤ የፈለጉት ግን እጃቸውን ነበር። ከ1850ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ጋፋት ላይ ቤት ተሰጥቷቸው ሠረገላ ሠሩ፣ መንገድ ቀየሱ፣ ጠመንጃ አደሱ፣ ለአገሬው ልጆችም ሙያቸውን አሳዩ። ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡን ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ኢትዮጵያውያን ልጆች አገቡ።

አንድ ቀን ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው ጠየቁ። ሰዎቹ መድፍ የመሥራት ሙያ እንደሌላቸው እውነቱን ተናገሩ። መልሱ ሞክሩ የሚል ሆነ። ዣከን የሚባል ፈረንሳዊ የማቅለጫ ምድጃ ሠርቶ ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ ተስፋ ቆርጦ ተወው። ክሪሾናዎቹ ግን ከስሕተቱ ተምረው እንደገና ጀመሩ፤ ሸክላው እሳቱን እስኪችል፣ ወናፉ እስኪበረታ፣ ቅርጹ ሳይፈነዳ የቀለጠውን ብረታ ብረት እስኪቀበል ደጋግመው ሠሩ። መጀመሪያ ትንሽ መድፍ ወጣ። ንጉሡ ያን ጊዜ የተሰማቸውን ደስታ ሚሲዮናውያኑ በየማስታወሻቸው ጽፈውታል። ከዚያ በኋላ እየተለቀ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሴባስቶፖል መጣ። ስሙን ያገኘው ሩስያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከቱርክ ጋር በክራይሚያ ከተዋጋችበት የወደብ ከተማ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደሆነ ይነገራል።

ስለ ጋፋት ስንናገር ብዙ ጊዜ መድፉን እናነሣለን፤ እኔን የሚቆጨኝ ግን ምድጃው ነው። በአገራችን በዚያ ስፋት ብረታ ብረት የቀለጠበት፣ የውጭው እውቀት ከአገሬው ጉልበትና ብልሃት ጋር የተገናኘበት ቦታ በደንብ ተቆፍሮ ቢጠና፣ ዝቃጩና ሸክላው ቢለካና ቢመረመር፣ ስለ ሙያችን ታሪክ ከአንድ መድፍ የበለጠ ይነግረን ነበር። መድፉን ንጉሡ ወደ መቅደላ አምባ ወሰዱት፤ ምድጃው ግን ጋፋት አፈር ውስጥ ቀርቷል።

ዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ራሳቸው ያነሡ ነበር። ንጉሡ ድንጋይ ተሸክመው ሲያይ የማይሠራ መኰንን የለምና፣ ከጋፋት እስከ ደብረ ታቦር፣ በኋላም ወደ ምሥራቅ የሄደው መንገድ በዚህ መልክ ተሠራ። ነገር ግን መንገዱ ሲዘረጋ ግዛቱ እየጠበበ ነበር። ሸዋና ትግራይ ከእጃቸው ወጡ፤ ወሎና ላስታ ሸፈቱ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። በመጨረሻ በራሳቸው ደጃፍ፣ በበጌምድር ላይ፣ ገበሬው ተነሣባቸው፤ ወታደሩም በየሌሊቱ ይከዳቸው ጀመር።

በመስከረም ማብቂያ 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ተነሡ፤ ሲወጡም እሳት አስለቀቁባት። ከዚያ የተከተለው ጉዞ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አቻ ያለው አይመስለኝም። እስረኛውና አሳሪው፣ ሚሲዮናዊውና ወታደሩ፣ ሴቱና ሕፃኑ፣ ሴባስቶፖልና ሌሎቹ መድፎች በሠረገላ ላይ ሆነው በጉና ትከሻ ጋይንትን አልፈው፣ ጨጨሆን ወጥተው፣ በዘቢጥና በቤተ ሆር አድርገው፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደው ወጡ። መድፉ የሚያልፍበት መንገድ ስለሌለ መንገዱን እየሠሩ ነበር የሚሄዱት። ብዙ መቶ ሰው በጠፍር እየጎተተ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ እንዳይንከባለል ወደ ኋላ እየሳበ፣ አንዳንድ ቀን ጥቂት ብቻ እየሄደ፣ ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያው ሰዓት የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር እስረኞቹን ሊያስፈታ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ይገሰግስ ነበር። ንጉሡ መጋቢት ላይ ቀድመው ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት፣ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው ቅጂው ነው።

የተቃጠለችው ከተማ እንደገና ያንሰራራችው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ነው። ዐፄ ዮሐንስ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቢነግሡም፣ ከትግራይ ወጥተው በጌምድርን፣ ጎጃምንና ወሎን በቅርብ ለመያዝ ደብረ ታቦርን መረጡ፤ ራስ ጉግሳ በሠሩት ስሌት መሠረት ማለት ነው። ጉንደትና ጉራዕ ላይ ግብፆችን ድል ከነሡ በኋላ ወደዚች ደጋ የውጭ መልእክተኛ ይመላለስ ጀመር። ከሁሉ የታወቀው ጎርደን ፓሻ ነው፤ የግብፅን ኬዲቭ ወክሎ በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ግብፅ የያዘችው ቦጎስ፣ መተማና የባሕሩ ወደቦች ይመለሱልኝ፣ ጳጳስ ይላክልኝ፣ ካሣ ይከፈለኝ አሉ፤ ጎርደን ደግሞ በጽሑፍ ስጡኝ አለ። ንጉሡ ለፍል ውኃ ወጥተው እንግዳቸው ደጅ ሲጠና ቆየ። ጎርደን በቁጣ ነው የሄደው፤ በየደብዳቤውም ስለ ንጉሡ ክፉ ጽፏል። ግን ከዮሐንስ ወገን ሆኖ ያየ ሰው ፍትሐዊ ጥያቄ ይዞ የቆመ መሪ ነው የሚያገኘው፤ በሁለት ጦርነት ያሸነፉት እሳቸው ናቸው፣ መሬቱ የተያዘውም የእሳቸው ነው። ጀርመናዊው ሮልፍስም በ1873 ዓ.ም. የቄሣሩን ደብዳቤ ይዞ እዚሁ ድረስ መጥቶ ተስተናግዷል።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ዘውዱ ሸዋ ገባ፤ አዲስ አበባ መዲና ሆነች፤ ባቡር መጣ፤ የደብረ ታቦር የመዲናነት ዘመን በዚህ አበቃ።

አንድ የመጨረሻ የየጁ ሰው ቀርቶ ነበር። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል፣ ራስ ጉግሳ ወሌ። ሚስታቸው በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ ሁለቱ እንዲለያዩ ተደረገና፣ ራስ ጉግሳ በጌምድርን ይዘው ደብረ ታቦር ተቀመጡ። የተማሩ፣ ከካህናት ጋር መዋልን የሚወዱ ሰው ነበሩ ይባላል። ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋር የነበራቸው ቅሬታ እያደገ ሄዶ በ1922 ዓ.ም. ጦር ይዘው በዚያው በጥንቱ መንገድ ወደ ምሥራቅ ተነሡ። መጋቢት 22 ቀን በዘቢጥ ደጋ አንቺም ላይ የጦር ሚኒስትሩን የደጃዝማች ሙሉጌታን ሠራዊት ገጠሙ። ያን ቀን ሰማዩ ላይ አውሮፕላን ታየ፤ መጀመሪያ ከራስ ጉግሳ ጋር የሚቆምን ሁሉ የሚያወግዝ ወረቀት በተነ፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። በኢትዮጵያ ምድር አውሮፕላን በጦርነት ሲውል ያ የመጀመሪያው ነበር። ራስ ጉግሳ ተገደሉ። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱም አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ደብረ ታቦርን ያዘ፤ የአስተዳደሩን መቀመጫ ግን ጎንደር አደረገ። ከተማዋ የጦር ሰፈር ሆነች፤ ገጠሩ የአርበኛ። በሰኔ ማብቂያ 1933 ዓ.ም.፣ አርበኞች ከብበው ካስጨነቁት በኋላ፣ የጣልያን ጦር እጁን ሰጠ። ጎንደር ራሷ ነፃ እስክትወጣ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ ገና አምስት ወር ይቀራት ነበር።

ከነፃነት በኋላ የበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጎንደር ሆነ፤ ደብረ ታቦር የአውራጃ ከተማነት ደረሳት። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ዘመን ባጭሩ ያልፉታል፤ ንጉሥ የለበት፣ ጦርነት የለበት። እኔ ግን ደብረ ታቦር ከተማ የሆነችው ያን ጊዜ ነው እላለሁ። ከዚያ በፊት ራስ ወይም ንጉሥ ሲነሣ ሕዝቡ አብሮ ይነሣል፤ ድንኳኑ ተነቅሎ ምድጃው ብቻ ይቀራል። አሁን ግን የሚቀመጡ ሰዎች መጡ። ከጣልያን ወረራ በፊት የአድቬንቲስት ሚሲዮን የጀመረው ሆስፒታል ከሩቅ ገጠር በቃሬዛ የመጡ ሕሙማንን ይቀበላል። የቴዎድሮስ ትምህርት ቤት ከጋይንት፣ ከእስቴና ከፎገራ የመጡ፣ ስንቃቸውን ከቤት ተሸክመው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆችን ያስተምራል። ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ ሐኪም ረዳቱ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ጠላ ሻጯ ቆርቆሮ ቤት ሠርተው ልጅ ወልደው ኖሩ። የአብነት ተማሪውም በበኩሉ ዳቦውን ለምኖ፣ ዜማውን አጥንቶ፣ ለድጓው ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕቱ ወደ ዙር አምባ በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል።

ከዚያ መንገዱ መጣ። ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ የሠሩት፣ ሕዝቡም እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ የሚለው፣ ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይን፣ ነፋስ መውጫንና ጨጨሆን አልፎ ይሄዳል። አቅጣጫው በብዙ ቦታ ሴባስቶፖል የተጎተተበት ነው። ለገበሬው ድንቹንና ገብሱን ወሰደለት፣ ለነጋዴው ጨውና ጨርቁን አመጣለት። ጦርም መጣበት። በ1982 ዓ.ም. በደርግና በኢሕአዴግ መካከል ጉና ላይና በከተማዋ ዙሪያ ከባድ ውጊያ ተደርጎ ደብረ ታቦር ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። በየካቲት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ጎንደርና ጎጃምን የያዘበትን ዘመቻ ቴዎድሮስ ብሎ ሰየመው።

ከ1983 በኋላ በተደረገው አወቃቀር ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆነች። እንደገና ከአውራጃ የሰፋ ግዛት መቀመጫ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከጦር ሠራዊት ጋር ሳይሆን ከቢሮ፣ ከፍርድ ቤትና ከጤና ጣቢያ ጋር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 55,596 ነዋሪ ነበራት። መንገዱ አስፋልት ለበሰ፤ ከወረታ በኩል የሚመጣ ሰው በአለም ሳጋ ደን ጥላ ውስጥ ዳገቱን ወጥቶ ከተማዋ ይገባል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ ሁሉ ተማሪ አመጣላት። የቡሄ በዓሏም ከሌላው አገር ይልቅ የራሷ ስለሆነ፣ በነሐሴ አጋማሽ ጅራፉ ሲጮህ፣ ችቦው ሲበራ፣ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ፣ ውጭ የሚኖሩ ልጆቿ ሳይቀሩ ይመጡባታል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ግን በቡሄ ሰሞን የተሰማው የመድፍ ድምፅ ነበር። የትግራይ ኃይሎች በዚያው በምሥራቁ መንገድ ነፋስ መውጫን ይዘው፣ በጋይንትና በጉና ግንባር ሲዋጉ፣ ከተማዋ በከባድ መሣሪያ ተደበደበች፤ በቤታቸው የነበሩ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ። ጦሩ ደብረ ታቦርን ሳይዝ በዚያው ወር ተመለሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ከተማዋና መንገዷ ተደጋጋሚ ውጊያ አይተዋል። ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ያቋረጠባቸው፣ አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ያልወጣባቸው፣ ከጉና ሥር የተጫነው ድንች ባሕር ዳር ሳይደርስ የበሰበሰባቸው ሳምንታት አሉ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ገበሬው ከማለዳው ጀምሮ ጆንያውን አስፋልቱ ዳር ደርድሮ አይሱዙ ይጠብቃል፤ ነጋዴው ዋጋ ይጠይቃል፣ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ ግቢው ይመለሳል።